ከሜዳ ወደ ማገገሚያ ክፍል የሚወስደው መንገድ አይዘጋብን

ለእንቅስቃሴ ሕክምና ትምህርት ክፍል ኃላፊዎች፣
ለስፖርት ፌዴሬሽን አመራሮች፣
ለጤና ባለሙያዎች ፈቃድ ሰጪ አካል

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣

ይህን ደብዳቤ የምንጽፍላችሁ የቀድሞ አትሌቶች ነን። አንዳንዶቻችን ውድድር አቁመን በእንቅስቃሴ ሕክምና ሙያ፣ ማለትም የተጎዳን ወይም የታመመን ሰው በተመጠነ የአካል እንቅስቃሴ በመርዳት፣ እየሠራን ነው። አንዳንዶቻችን ገና ተማሪዎች ነን። የቀሩት ለመግባት ሲዘጋጁ በሩ የተዘጋባቸው ናቸው፤ ደብዳቤውም በዋናነት የእነሱ ነው። የአትሌቶች መሸጋገሪያ ኮርስ እንዲቆም መወሰኑን የሰማነው ከአንዲት አጭር ማስታወቂያ ነው። ለምን እንደቆመ አይልም። ተመዝግበው ተራ ሲጠብቁ የነበሩት ምን እንደሚሆኑም አይልም። ቢሮ ሄደን ስንጠይቅ የተሰጠን መልስ "ከአሁን በኋላ ሁሉም በመደበኛው መስፈርት ነው የሚገባው" የሚል ብቻ ነበር። ለዚህ ነው ቅሬታችንን በአደባባይ ያመጣነው።

ጉዳዩን ለማያውቅ አንባቢ ኮርሱ ምን እንደነበረ ላስረዳ። በልጅነቱ ወደ ውድድር የገባ ሰው ትምህርቱ የተቆራረጠ ነው። ጠዋት ልምምድ አለ፣ ከሰዓት ልምምድ አለ፣ የፈተና ሳምንት ላይ ውድድር ይመጣል። ጎበዝ ተማሪ ቢሆን እንኳ ኬሚስትሪና ፊዚክሱ ላይ ክፍተት ይዞ ነው የሚያድገው። መሸጋገሪያ ኮርሱ የሚሞላው ይህንን ክፍተት ነበር፦ ባዮሎጂ፣ ኬሚስትሪ፣ ፊዚክስ፣ ትንሽ ስታቲስቲክስ፣ አንድ የጥናት ጽሑፍ እንዴት እንደሚነበብ። መጨረሻ ላይ ፈተና ነበረው። ያለፈ እንደማንኛውም አመልካች ይወዳደራል፣ የወደቀ ይቀራል። በሜዳሊያው የገባ ማንም የለም። እኔም የገባሁት በዚሁ በር ነው፤ ስታቲስቲክሱ ምን ያህል እንዳስጨነቀኝ አብረውኝ የተማሩት ያውቃሉ።

አሁን "መደበኛው መስፈርት" የሚባለው የቅርብ ዓመት የሁለተኛ ደረጃ ውጤት ይጠይቃል። ሠላሳ ዓመት አካባቢ ላይ ውድድር የሚያቆም ሰው የቅርብ ዓመት ውጤት ከየት ያመጣል? ወረቀቱ ላይ "አትሌት አይገባም" የሚል ቃል የለም። ውጤቱ ግን ያው ነው።

የመጀመሪያው ቅሬታችን ልምዳችን ዜሮ ተደርጎ መቆጠሩ ነው። የማመልከቻ ፎርሙ ላይ የስፖርት ሕይወት የሚጻፍበት ቦታ እንኳ የለም። ይህ ደግሞ የሚገርመን ሙያው ራሱ የተነሣው ከስፖርተኞች እጅ ስለሆነ ነው። በ1813 (በዚህ ደብዳቤ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ስቶክሆልም ላይ የጂምናስቲክ ተቋም ያቋቋመውና ሰውነትን በእንቅስቃሴ ማከምን በሥርዓት ማስተማር የጀመረው ፔር ሄንሪክ ሊንግ የሻሞላ አስተማሪ ነበር። ቶማስ ዴሎርምም አለ። በልጅነቱ ሩማቲክ ፊቨር የተባለ ልብንና መገጣጠሚያን የሚጎዳ ሕመም ይዞት አልጋ ላይ ከዋለ በኋላ ክብደት በማንሳት ራሱን ያጠነከረ ሰው ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ቺካጎ በሚገኝ የጦር ሆስፒታል ሐኪም ሆኖ ሲመደብ ጉልበታቸው የተጎዳ ወታደሮች በቀላል እንቅስቃሴ ለወራት ሲንከባለሉ አየ። እሱ ደግሞ ጡንቻ የሚጠነክረው ቀስ በቀስ በሚጨምር ከባድ ክብደት እንደሆነ ከራሱ ሰውነት ያውቅ ነበር። ሞከረው፣ መዘገበው፣ በ1945 አሳተመው። ዛሬ በየማገገሚያው "በዚህ ሳምንት ትንሽ እንጨምር" የምንለው ነገር ከዚያ የመጣ ነው።

የሃካን አልፍሬድሶን ታሪክ ደግሞ ለእኛ ለሯጮች የተለየ ቦታ አለው። ስዊድናዊ የአጥንት ሐኪም ነው፣ ራሱም ይሮጥ ነበር፣ የተረከዝ ጅማቱም ያመው ነበር። እንደሚነገረው አለቃው ቀዶ ጥገና ሲከለክለው ጅማቱን የባሰ ሊጎዳው ብሎ ተረከዙን ከደረጃ ጠርዝ ላይ ዝቅ እያደረገ ደጋግሞ ሠራው። ሕመሙ ግን ለቀቀው። እዚህ ላይ አቁሞ ቢሆን የአንድ ሯጭ ወሬ ሆኖ ይቀር ነበር። እሱ ግን ለረጅም ጊዜ ያመማቸውን 15 ሯጮች ሰብስቦ ለ12 ሳምንት በየቀኑ አሠራቸው፣ ከተለመደው ሕክምና ጋር አነጻጸረው፣ በ1998 አሳተመው። አሥራ አምስቱም ወደ ሩጫቸው ተመለሱ። በተለመደው መንገድ የታከሙት ሌሎች 15 ሰዎች መጨረሻቸው ቀዶ ጥገና ነበር።

ይህን ሁሉ የምዘረዝረው ለታሪክ ትምህርት አይደለም። ሦስቱም መጀመሪያ ሰውነታቸው የነገራቸውን ሰሙ፣ ከዚያ ደግሞ ትምህርቱና ምርመራው ተጨመረበት። ሁለቱ ሲገናኙ ነው ሕክምና የሆነው። እናንተ የዘጋችሁት ሁለቱ የሚገናኙበትን ቦታ ነው።

ልምዳችን ምን እንደሚጠቅም በአንድ ሰው ላሳያችሁ። አብራን የምትሠራ የቀድሞ የመረብ ኳስ ተጫዋች አለች። የጉልበቷ የፊት መስቀል ጅማት ተቀዶ ተጠገነ። እብጠቱ ጠፋ፣ ሕመሙ ጠፋ፣ ቡድኑ ፈለጋት፣ ቶሎ ተመለሰች። እንደገና ተበጠሰ። በ2016 የታተመ አንድ ጥናት ከቀዶ ጥገናው በኋላ እስከ ዘጠኝ ወር ድረስ መመለስን በአንድ ወር ማዘግየት እንደገና የመጎዳትን ዕድል በግማሽ ያህል እንደሚቀንስ አሳይቷል። ጥናቱን ማንኛውም ተማሪ ሊሸመድደው ይችላል። ነገር ግን አሥራ ስምንት ዓመት የሆናት፣ ከቀዶ ጥገናው በኋላ አምስተኛ ወሯ ላይ ያለች፣ ጉልበቷ "ደህና ነኝ" የሚላት ተጫዋች ፊቷ ስትቀመጥ ቁጥሩን መናገር አይበቃም። ያቺ ልጅ የሥራ ባልደረባችን ጉልበት ላይ ያሉትን ሁለት የቀዶ ጥገና ጠባሳዎች አይታ ነው የምታምነው። ከዚያ በኋላ አንድ እግር ዝላዩን አብረው ይለካሉ፣ የታፋ ጡንቻዋ ከደህናው እግር ጋር ሲነጻጸር ምን ያህል እንደቀረው ያያሉ፣ ልጅቷም ትጠብቃለች። ይህን ዓይነት መተማመን የትኛው ኮርስ ነው የሚያስተምረው?

ሰው ከአልጋ ሲነሣ ምን እንደሚሰማውም እናውቃለን። በ1966 ዳላስ ላይ አምስት ጤነኛ ወጣቶች ለሦስት ሳምንት አልጋ ላይ እንዲተኙ ተደርጎ ነበር። ሰውነታቸው ኦክስጅን የመጠቀም አቅሙ እጅግ አሽቆለቆለ። ከሠላሳ ዓመት በኋላ እነዚያው ሰዎች ሲለኩ በሠላሳ ዓመት እርጅና የቀነሰው አቅም በሦስት ሳምንት መተኛት ከቀነሰው ያነሰ ሆኖ ተገኘ። እግሩ ጂፕሰም ውስጥ ቆይቶ ሲፈታ ጡንቻው ሟሙቶ ያገኘው አትሌት ይህን ለመረዳት ግራፍ አያስፈልገውም። ስትሮክ ያገኛቸው እናት ሁለት እርምጃ ተራምደው "በቃኝ፣ ድሮ እኮ እንዲህ አልነበርኩም" ሲሉ ምን ማለታቸው እንደሆነ ይገባዋል።

አሁን ደግሞ በሌላው በኩል ያለውን እንናገር። ልምድ ብቻውን ሰው ይጎዳል። ይህን የምንለው እኛው ነን፣ ማንም እንዲያስታውሰን አንፈልግም። አትሌት ያደገው "ሲያምህ ግፋ" እየተባለ ነው። ለውድድር ሊጠቅም ይችል ይሆናል፣ ለልብ ሕመምተኛ ግን አደጋ ነው። አንድ ምሳሌ፦ ብዙ የልብ ሕመምተኞች ቤታ ብሎከር የሚባል መድኃኒት ይወስዳሉ። መድኃኒቱ የልብ ምትን ዝቅ አድርጎ ይይዛል። ዕድሜውን በሰዓት ላይ የልብ ምት እያየ የተለማመደ ሯጭ "ምትህ ገና አልደረሰም፣ ጨምር" ሊል ይችላል፤ ሰውየው ግን አቅሙ ጫፍ ላይ ደርሷል። ለዚህ ነው ጉናር ቦርግ ያዘጋጀውን ከ6 እስከ 20 የሚሄድ የድካም መለኪያ የምንማረው። በሽተኛው ራሱ ምን ያህል እንደከበደው ይነግረናል፣ እኛም እሱን እንሰማለን። ሁለተኛው ምሳሌ የባት እብጠት ነው። ከቀዶ ጥገና በኋላ የአንድ እግር ባት ቢያብጥ፣ ቢሞቅና ቢያም አትሌት የሚያስበው የጡንቻ መሸማቀቅ ነው፣ እጁ ወዲያው ወደ ማሸት ይሄዳል። የረጋ ደም ከሆነስ? ተነቅሎ ወደ ሳንባ ሊሄድ ይችላል፤ ሰው ይሞታል። የተማረ ባለሙያ እጁን ይሰበስብና ወደ ሐኪም ይልካል።

ሁለተኛው ቅሬታችን ከዚህ ይነሣል፣ ከሁሉም በላይ የሚያሳስበንም እሱ ነው። በሩን ስትዘጉት አትሌቱ የሚጠፋ ይመስላችኋል? አይጠፋም። ተራ ሲጠብቅ የነበረ አንድ የ800 ሜትር ሯጭ ጓደኛችን ኮርሱ መዘጋቱን ከሰማ በኋላ ጂም ውስጥ ሥራ ገባ። ጎበዝ ነው፣ ሰው ይወደዋል። አሁን ወገባቸውን የሚያማቸው፣ የስኳር ሕመም ያለባቸው፣ ከልብ ሕመም የተነሡ ሰዎች ወደ እሱ ይመጣሉ፤ ምክንያቱም "አትሌት ነበር፣ ያውቃል" ይባላል። እሱ ራሱ የማያውቀውን ያውቃል፣ ይጨነቃልም። "ትምህርቱን ቢሰጡኝ ምን አለበት?" ይላል። ምን ብለን እንመልስለት? የሥልጠናውን መንገድ መዝጋት ያልሠለጠነ ሰው በሽተኛ እንዳይነካ አላደረገም። የሠለጠነ እንዳይሆን ብቻ ነው ያደረገው።

እዚህ ላይ የፈቃድ ሰጪው አካል ኃላፊዎች ሆይ፣ ወደ እናንተ ልመለስ። ተመርቀን የወጣነው እንኳ ማን እንደሆንን አይታወቅም። አንድ መሥሪያ ቤት "ይህ የፊዚዮቴራፒስት ሥራ ነው" ብሎ ይመልሰናል፣ ሌላው "ይህ የስፖርት ጉዳይ ነው፣ እኛን አይመለከትም" ይላል። ፊዚዮቴራፒስት፣ የእንቅስቃሴ ሕክምና ባለሙያና የጂም አሰልጣኝ የየራሳቸው ሥራ አላቸው። ፊዚዮቴራፒስቱ ይመረምራል፣ የችግሩን ምንጭ ይለያል፣ በእጁም ያክማል። የእኛ ሥራ ምርመራው ካለቀ በኋላ ይበዛል፦ ለዚህ ሰው የትኛው እንቅስቃሴ፣ በምን ያህል ክብደት፣ ስንት ጊዜ፣ በምን ያህል ዕረፍት፣ መቼ ይጨመር፣ መቼ ይቁም የሚለውን መወሰንና ለወራት አብሮ መዝለቅ። የጂም አሰልጣኙ ጤነኛ ሰው ያሠራል። ድንበሩ እንደየአገሩ ትንሽ ቢለያይም የማይሠመር ነገር አይደለም። አውስትራሊያ የእንቅስቃሴ ሕክምና ባለሙያዎችን ዕውቅና ሰጥታ ከ2006 ጀምሮ አገልግሎታቸው በመንግሥት የጤና መድን እንዲሸፈን አድርጋለች፤ ሥር የሰደደ ሕመም ያለበት ሰው ከጠቅላላ ሐኪሙ ተልኮ ይሄድላቸዋል። ሊሆን የሚችል ነገር እንደሆነ ለማሳየት ይህ አይበቃም?

ሙያው የቅንጦት አለመሆኑንም ልጨምር። በ2002 ውጤቱ የታተመው የአሜሪካ የስኳር ሕመም መከላከያ ጥናት ለሁለተኛው ዓይነት ስኳር የተጋለጡ ሰዎችን ለሦስት ከፍሎ ነበር። ክብደት የቀነሱትና በሳምንት 150 ደቂቃ የተንቀሳቀሱት በሽታው የመያዝ ዕድላቸው 58 በመቶ ቀነሰ። ሜትፎርሚን የተባለውን የስኳር መድኃኒት የወሰዱት 31 በመቶ። ግን እነዚያ ሰዎች "ተንቀሳቀሱ" ተብለው አልተለቀቁም፣ አጠገባቸው የሚከታተላቸው የሠለጠነ ሰው ነበር። እንዲህ ዓይነት ሰው በብዛት ያስፈልጋል። ዕድሜውን ሙሉ ተግሣጽ የለመደ፣ ጠዋት የሚነሣ፣ ሰው ማበረታታት የሚችል፣ ሥራውንም የሚፈልግ ሰው በራችሁ ላይ ቆሟል።

ሦስተኛው ለስፖርት ፌዴሬሽኖች ነው፤ እናንተም ከደሙ ንጹሕ አይደላችሁም። አትሌት በእናንተ እጅ እያለ ስለ ነገው የሚያነሣለት የለም። የሚነሣው ከተጎዳ በኋላ ነው፣ ያኔ ደግሞ ውሉ አልቋል። አንዲት እኅታችን ለዓመታት የቡድኗን ማሞቂያ ስትመራ ኖራለች። ከጉዳት የሚመለሱትን ልጆች በሐኪሙ ትእዛዝ የምታሠራው እሷ ነበረች፣ ሐኪሙም ያለ እሷ አይሠራም ነበር። ለማመልከቻዋ ማስረጃ ስትጠይቅ የተሰጣት ወረቀት "በክለባችን ተወዳድራለች" ይላል። ይኸው ነው። ያሠራቻቸው ሰዎች የሉም፣ የመራችው ልምምድ የለም፣ የወሰደቻቸው የመጀመሪያ ሕክምና ሥልጠናዎች የሉም። የራሷን የጉዳት መዝገብ እንኳ ስትወጣ አላገኘችም። የአውሮፓ ኅብረት አትሌቶች ትምህርትና ውድድርን ጎን ለጎን እንዲይዙ የሚመክር መመሪያ ያወጣው በ2012 ነው። ሐሳቡ አዲስ አይደለም ማለት ነው። በሳምንት ሁለት ከሰዓት ለትምህርት መልቀቅ ቡድን አያፈርስም። ጉዳት ላይ ያለ አትሌት ደግሞ ጊዜ አለው፤ ያን ጊዜ ማገገሚያ ክፍል ውስጥ ታካሚ ሆኖ ብቻ ከሚያሳልፈው ፈቃደኛ ከሆነ ሥራውን ጎን ለጎን ቢከታተል ምን ይጎድላል?

የአራተኛውን ነገር ስጽፍ በጣም እየከፋኝ ነው። በዊልቸር የሚወዳደር አንድ ወንድማችን መሸጋገሪያ ኮርሱን በጥሩ ውጤት ጨርሶ ነበር። ማመልከቻው ውድቅ የሆነው የተግባር ፈተናው "ሁሉንም እንቅስቃሴ ቆሞ ማሳየት" ስለሚል ነው። ማንም አላነጋገረውም፣ እንዴት እንደሚያስተምር አሳየን ያለው የለም። እሱ ባለፉት ዓመታት አከርካሪያቸው የተጎዳ አዲስ ሰዎችን ከአልጋ ወደ ዊልቸር እንዴት እንደሚሸጋገሩ፣ ትከሻቸውን ሳይጎዱ እንዴት እንደሚገፉ ሲያስተምር ኖሯል። ትከሻ ለዊልቸር ተጠቃሚ እግሩም ነው፤ ከተበላሸ ሁሉ ነገር ይቆማል። ይህን ከእሱ የተሻለ የሚያሳይ ማን ነው? ሐኪሙ ሉድቪግ ጉትማን የለንደን ኦሎምፒክ በተከፈተበት ቀን፣ ጁላይ 29 ቀን 1948፣ ስቶክ ማንዴቪል ሆስፒታል ግቢ ውስጥ 16 በዊልቸር የሚሄዱ የቀድሞ ወታደሮችን ቀስት አወዳድሮ ነበር። ለእሱ ስፖርት የሕክምናው አካል ነበር። የፓራሊምፒክ ጨዋታዎች ከአንድ ሆስፒታል ግቢ የተነሡ ናቸው። ታዲያ ዛሬ ያንኑ ስፖርት የሚወዳደር ሰው ከዚሁ ሕክምና በር ላይ ይመለሳል? ይህ መስፈርት ለበሽተኛ ደኅንነት ከሆነ የወጣው ምክንያቱ ተጽፎ ይሰጠን። ማንም ሳያስብበት ከቆየ አሮጌ ፎርም የተቀዳ ከሆነ ዛሬውኑ ይሰረዝ።

የሆስፒታል ልምምዱ ሰዓት ጉዳይም አለ፣ እሱን ባጭሩ ልለፈው። ልምምዱ ሙሉ ቀን ነው፣ ያለ ክፍያ ነው፣ በክፍል በክፍል ተከፋፍሎ መውሰድ አይቻልም። ገቢዋ የተቋረጠ፣ ልጅ ያላት፣ ከውድድር ገና የወጣች ሴት እንዴት ትጨርሰዋለች? ሰዓቱ ይቀነስ አላልንም። ያው ሰዓት በረዘመ ጊዜ ይጠናቀቅ ነው የምንለው።

"አትሌቶች የተለየ ጥቅም እየፈለጉ ነው" የሚሉ እንዳሉ ሰምተናል። በቀጥታ እንመልስ። ከአናቶሚ ነጻ አድርጉን ብሎ የጠየቀ የለም። ከልብና ከሳንባ ሕመም ትምህርት፣ ከመድኃኒቶች ትምህርት፣ ከአደጋ ምልክቶች፣ ከሆስፒታል ልምምድ አንዲት ሰዓት አንፈልግም እንድትቀንሱልን። እንዲያውም አትሌት ለሆነ ተማሪ አንድ ነገር ቢጨመር ደስ ይለናል፦ ከውድድር ይዞት የመጣውን አስተሳሰብ የሚፈትሽ ክፍለ ጊዜ። ሰባ ዓመት የሆናቸው ሰው ከወንበር ያለ ድጋፍ መነሣት መቻላቸው ትልቅ ድል መሆኑን፣ ዕቅድ የሚወጣው ለበሽተኛው ኑሮ እንጂ ለሠንጠረዥ አለመሆኑን፣ ዛሬ ደክሞት የቀረ ሰው ሰነፍ አለመሆኑን መማር አለብን። እኛ ተምረነዋል፣ ጊዜ ወስዶብናል፣ ያስተማሩን ሰዎችም ታግሠውናል። እውቅና ሊሰጠው የሚችለው ነገር ጠባብ ነው፦ እንቅስቃሴን በትክክል ማሳየት፣ ቡድን መምራት፣ የሥልጠና ዕቅድ አወጣጥ መሠረቱ። እነዚህን ፈትኑን። ያለፈ ይለፍ፣ የወደቀ ከሌሎቹ ጋር ይማር።

ስለዚህ የምንጠይቃችሁ ይህ ነው።

የትምህርት ክፍሉ መሸጋገሪያ ኮርሱን ለሚቀጥለው ምዝገባ ይመልስ፤ ተራ ሲጠብቁ የነበሩት በቅድሚያ ይጠሩ። ኮርሱ ችግር ነበረበት ከተባለ ችግሩ በጽሑፍ ይነገረን፣ እኛም ለማስተካከል አብረን እንሠራለን፤ ከመካከላችን በነጻ ለማስጠናት ፈቃደኛ የሆኑ አሉ። የቅርብ ዓመት ውጤት የሚለው መስፈርት የኮርሱን ፈተና ላለፈ ሰው አይሥራ። የቀድሞ ልምድ በተግባር ፈተና የሚመዘንበት አሠራር ይውጣ፣ የሚመዝነውም የሙያው መምህር ይሁን። "ቆሞ ማሳየት" የሚለው ይሰረዝና አመልካቹ በቃል፣ በረዳት ወይም በሚችለው መንገድ ሰው ማሠራት መቻሉ ይታይ፤ የተመለሰው ወንድማችን ማመልከቻም እንደገና ይታይ። የሆስፒታል ልምምዱ በትርፍ ጊዜ የሚጠናቀቅበት አማራጭ ይኑር።

ፌዴሬሽኖች ለእያንዳንዱ አትሌት ሲወጣ የሠራውን በዝርዝር የሚገልጽ የምስክር ወረቀት ይስጡ፣ የጉዳት መዝገቡንም ለባለቤቱ ያስረክቡ። ስለ ቀጣይ ሙያ የሚደረግ ምክር ከጉዳት በፊት፣ ገና በወጣትነት ይጀመር።

ፈቃድ ሰጪው አካል ደግሞ የእንቅስቃሴ ሕክምና ባለሙያ ማን እንደሆነ፣ ምን እንደሚሠራና ምን እንደማይሠራ ይደንግግ። ሕዝብ ስም ፈልጎ የሚያገኝበት መዝገብ ይክፈት። በመዝገቡ የሌለ ሰው በዚህ ስም በሽተኛ እንዳይቀበል ይከልክል፤ ክልከላው እኛንም ቢነካ። በጂም ለሚሠሩት ቢያንስ የአደጋ ምልክቶችን ለይተው ወደ ሐኪም መላክ የሚማሩበት አጭር የግዴታ ሥልጠና ይዘጋጅ። እሱን በማስተማር በኩል እኛ አለን።

ምዝገባ ከመጀመሩ በፊት መልሳችሁን በጽሑፍ እንጠብቃለን። ተወካዮቻችንን ብትጠሩ በፈለጋችሁት ቀን እንመጣለን።

ከአክብሮት ጋር፣

የቀድሞ የመካከለኛ ርቀት ሯጭ፣ አሁን በማገገሚያ ክፍል የእንቅስቃሴ ሕክምና ባለሙያ
ከውድድር ወደ እንቅስቃሴ ሕክምና በተሸጋገሩና በመሸጋገር ላይ ባሉ አትሌቶች ስም